ድምጿ አዳራሽ፣ እሷ ምድር ቤት

እውነተኛ ስሟን ከባለቤቷና ከደመወዝ ክፍሉ በቀር የሚያስታውሰው ሰው አልነበረም። ለሁሉም እትዬ ደወል ነበረች። ስሙን ያወጣላት የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ነው። አንድ ቀን ጠዋት እሷ ከደረጃው ላይ ስትጣራ፣ እሱን በጥበቃ ክፍሉ ውስጥ ሸለብ አድርጎት ኖሮ፣ «ምነው ዛሬ የትምህርት ቤቱ ደወል እዚህ ድረስ ተሰማ?» ብሎ ብድግ አለ አሉ። ከዚያ ወዲያ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። እሷም አልከፋትም፤ እንዲያውም ስልክ ስታነሣ «ደወል ነኝ» ማለት ጀመረች።

ሥራዋ መጥራት ነበር። መታወቂያ የሚያወጣው፣ ልጁን የሚያስመዘግበው፣ የንግድ ፈቃዱን የሚያድሰው፣ የቤት ካርታው የጠፋበት፣ ያገባውም የተፋታውም ጉዳዩን በመስኮት አስገብቶ ግቢው ውስጥ ይጠብቃል። ፋይሉ ሲያልቅ ጸሐፊዎቹ ለእትዬ ደወል ያቀብሏታል። እሷም የደረጃው አናት ላይ ቆማ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትጣራለች። ታዲያ በስም አትጠራም። «ስም ምን ያደርግልኛል? አንድ ስም ብጠራ ሦስት ሰው ይነሣል» ትላለች። የምትጠራው ሰውየውን ራሱን ነው። «ባለወፍጮው! ዱቄትህን አራግፈህ ግባ!» «መንታ የወለድሽው! አንዱን ለጎረቤትሽ አስይዢና ነይ!» «አንተ ባለቀይ ሹራብ፣ አዎ አንተ፣ ወደ ኋላ ምን ያዞርሃል?» የማን ጆሮ እንደከበደ፣ ማንን ጥላው ሥር እንቅልፍ እንደጣለው በአንድ እይታ ታውቀዋለች። ተራው ደርሶ ሳይሰማ የቀረ ሰው በእሷ ዘመን አልታየም። የተሰደበም ስቆ ነው የሚገባው።

ባለቤቷ ደግሞ ሰዓት ሠሪ ነው። እግዜር ሲያገጣጥም እንዲህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስትጮህ የምትውል ሴትና ቀኑን ሙሉ ትንፋሹን ውጦ የሚሠራ ሰው። ጠባብ ሱቁ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ፣ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ ሰክቶ፣ ከጤፍ የምታንስ ብሎን በመቆንጠጫ ይዞ ይውላል። እንዳያስነጥሰው እንኳ ይጠነቀቃል። ማታ ቤት ሲገናኙ እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይሰማል። «ዛሬ ደግሞ ማን መጣ መሰለህ?» ብላ ከጀመረች፣ እራት ተበልቶ ሳህኑ ታጥቦም ወሬው አያልቅም። እሱ አልፎ አልፎ «እህ» ይላል። ትዳሩ የቆመው በዚያች «እህ» ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ክልሉ ዲጂታል ይሁን የተባለው። ነገሩ ከገበያው ነበር የጀመረው። የአትክልት ነጋዴዎቹ ሚዛናቸውን ከእጃቸው ሳይጥሉ የሌላውን ከተማ ዋጋ በስልካቸው ያያሉ። ሾፌሮቹ ጭነት ፍለጋ መናኸሪያ ለመናኸሪያ መንከራተቱን ትተው፣ መኪናቸው ውስጥ ጋደም ብለው ስልካቸው እስኪጮህ ይጠብቃሉ። ነጋዴው እንዲህ ከቀደመ መንግሥት ወደ ኋላ ሊቀር ነው? የክልሉ መሥሪያ ቤቶች በሙሉ በአንድ መረብ እንዲያያዙ ተወሰነ። የግቢው አሮጌ አግዳሚዎች ተነቅለው ሄዱ። በምትካቸው አዳራሹ ውስጥ የብረት ወንበር ተደረደረ፣ ግድግዳው ላይ ሰፊ ስክሪን ተሰቀለ፣ በሩ አጠገብም የተራ ቁጥር እየቆረጠ የሚሰጥ ማሽን ተተከለ።

አንድ ቀን ኃላፊው እትዬ ደወልን አስጠራት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብቻ በዚህ ዓለም ላይ ከመዋቅር የበለጠ የሚፈራው ነገር የለም።

«እትዬ» አላት እጆቹን እያፍተለተለ፣ «በአዲሱ መዋቅር ውስጥ ጠሪ የሚባል የሥራ መደብ የለም።»

«እኔስ አለሁ አይደል?»

«እርስዎማ አሉ። መደቡ ነው የሌለው።»

ስለዚህ ምድር ቤት ተመደበች። ሥራው አሮጌ ፋይሎች ስካን ከመደረጋቸው በፊት ወረቀቱን የያዘውን ሽቦ መንቀል ነው። ደመወዟም እንደማይነካ ነገራት፤ አስቦላት ነው። እሷን ግን ያሳሰባት ደመወዙ አልነበረም። ሴትየዋ ሰው ካላየች፣ ከሰው ጋር ካልተቀላለደች እህል አይወርድላትም። ምድር ቤቱ ደግሞ እስከ ጣራው ድረስ የካርቶን ክምር ነው። ከአናቷ በላይ ግቢው ወለል ላይ የምታርፍ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። ከእግር ጋር ደግሞ ምን ይወራል?

ማታ ማታ ቤቱ ጭር አለ። ሰዓት ሠሪው መጀመሪያ ዕረፍት መስሎት ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ምግቡ አልዋጥ አለው። አንድ ማታ ጉሮሮውን ጠረገና በትዳራቸው ታሪክ ጠይቆት የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቃት።

«ዛሬስ ማን መጣ?»

«ጫማ» አለችው፣ ከሳህኑ ላይ ቀና ሳትል።

ላይ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ጉድ ፈልቷል። የማሽኑ ድምፅ ከፋብሪካው አብሮት የመጣ ነው። አማርኛ ይናገራል ይባላል እንጂ ሰው የሚጠራ ሳይሆን ለራሱ የሚቆጥር ነው የሚመስለው። ሕዝቡም ቁጥሩን በእጁ ጨብጦ ዓይኑን የድሮው በር ላይ ተክሎ ይጠብቃል፤ እትዬ ደወል ወጥታ እስክትጠራው ነው የሚጠብቀው። ማሽኑ ጠርቶ ያልፋል፣ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ተራው ያለፈበት ሰው ሲነቃ «እኔ ነኝ፣ አንተ ነህ» ጭቅጭቅ ይነሣል። እውነቱን ለመናገር እትዬ ደወል ይህን ስትሰማ ጮቤ ረገጠች። ሻይ አማረኝ እያለች መውጣት አበዛች። ሲያዩዋት «እትዬ ደወል፣ ኧረ ባክሽ ጥሪልን!» ይሏታል። «እኔን መዋቅሩ አያውቀኝም፤ ማሽናችሁን ጠይቁ» ትላቸውና ደረቷን ነፍታ ትመለሳለች። ይህ ማሽን ቢበዛ ወር ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ነቅለው ይወስዱትና እኔም ደረጃዬ ላይ እመለሳለሁ ብላ ተማምናለች።

ባለዳቦ ቤቷ ናት ነገሩን ያበላሸችባት። ከመንገዱ ማዶ ዳቦ የምትጋግር ቀጭን ሴት ናት፤ ፈቃዷን ለማደስ ተመላልሳ በመጣች ቁጥር ተራዋ እያለፋት ቀኑ ተላለፈና ዳቦ ቤቷ ታሸገ። ዓይኗ ደም መስሎ ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ እትዬ ደወል አገኘቻት።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ? ማሽኑ ሲጠራ አትሰሚም?»

«እሰማዋለሁ። እኔን የሚጠራኝ አልመሰለኝም» አለች ባለዳቦዋ። «አንቺ እስክትጠሪኝ ነበር የጠበቅሁት።»

እትዬ ደወልን አንጀቷን በላት። ሴትየዋን እጇን ይዛ ሽቅብ ወጣች፤ አዳራሹ መሀል ላይ ቆማ «መንገድ ልቀቁ! ዳቦ የምትፈልጉ ሁሉ መንገድ ልቀቁ!» ብላ አንድ ጊዜ ስትጣራ፣ ያንቀላፋው ሁሉ ነቃ፣ ወሬ የያዘውም ወሬውን አቋረጠ። የባለዳቦዋ ጉዳይ እዚያው አለቀ። ይህን ሁሉ ከጥግ ሆና የምታይ አንዲት ወጣት ነበረች፤ ማሽኑን እንድታስተካክል ከክልሉ የተላከችው መሐንዲስ ናት፣ አንገቷ ላይ ትልቅ ሄድፎን አንጠልጥላለች። ማሽኑን ፈታታ አይታው አንድም እንከን አጥታበት ስትብሰለሰል ነው የሰነበተችው።

«እትዬ፣ አሁን ገባኝ» አለቻት። «ማሽኑ ደህና ነው፤ የጎደለው ድምፅ ነው። የእርስዎን ድምፅ ቀድቼ ላስገባው?»

«ድምፄን ሰጥቼሽ እኔ በምን ልናገር?» ብላ ሳቀችባት። ቤቷ ስትደርስ ግን ሳቁ ጠፋ። ለሰዓት ሠሪው አንድ በአንድ አስረዳችው። ድምጿን ከሰጠች ማሽኑ ይሠራል፤ ማሽኑ ከሠራ እሷ ካርቶን ስትቆጥር ልትቀር ነው። ከከለከለች ደግሞ ማሽኑ ይወድቃል፣ እሷም ደረጃዋ ላይ ትመለሳለች። «ምን ይሻለኛል?» አለችው።

ሰውየው ኩባያውን አስቀመጠ። 

«ባለዳቦዋስ?» አለ።

እንዲህ ነው እሱ፤ የሚናገረው አንድ ቃል ነው፣ እሱንም መርጦ። እትዬ ደወል በተኛችበት እየተገላበጠች ብዙ ረገመችው፤ ጠዋት ግን በቀጥታ ወደ መሐንዲሷ ሄደች።

ቀረጻው የተደረገው ምድር ቤት ነው። ካርቶኑና ወረቀቱ ማስተጋባቱን ውጦ ስለሚያስቀረው፣ ከከተማው ሁሉ ለድምፅ የሚመች ክፍል እሱ ነው አለች መሐንዲሷ። እትዬ ደወል ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጠችና «አንድ» አለች። «ሁለት» አለች። ድምጿ ሞቷል፤ ጡብ የምትቆጥር ነው የምትመስለው።

«እትዬ፣ ይሄማ የፋብሪካው ድምፅ ነው!»

«ታዲያ የሌለን ሰው ምን ብዬ ልጥራው?»

መሐንዲሷ አሰብ አደረገች። ብልህ ልጅ ናት። «እንግዲያው ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰው እንስጠው። አንድ ማነው?»

እትዬ ደወል ዓይኗን ጨፈነች። አንድ የበኩር ልጇ ሆነ፤ ድሮ ሕፃን ሳለ ለትምህርት ቤት እንደምትቀሰቅሰው ለስለስ አድርጋ ጠራችው። ሦስት ደግሞ ገበታ ላይ የሚወጣው ድመት ነው። አምስት፣ የወሰደችውን መሰላል መመለስ የማታውቅ ጎረቤቷ። ሰባት ባለቤቷ ሆነ፤ ጠዋት ጠዋት መነጽሩን ረስቶ የመውጣት ልማድ አለው። ዘጠኝን በአክብሮት ለአማቷ ሰጠቻቸው፤ አፈሩን ያቅልላቸውና ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ የሚሉትን ማሽኑ ከእነዚህ ጋር ስለሚገጣጥማቸው ቸኩላ አለፈቻቸው። ሰው ከተሰጣት ወዲያ አፏ ተከፈተ፤ ነገር ግን ጠርታ ዝም ማለት የማታውቅ ሴት ስለሆነች ከየቁጥሩ ኋላ የሆነ ነገር ትጨምራለች። መሐንዲሷ በሳቅ ፈረሰች። «ግድ የለም፣ በኋላ ቆርጬ አወጣዋለሁ፣ ብቻ ይቀጥሉ» አለቻት።

ቆርጣም አወጣችው። የተቆረጠውንና ያልተቆረጠውን ጎን ለጎን አስቀመጠች። ታዲያ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጣት ስትጣደፍ፣ ለክልሉ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ የላከችው ያልተቆረጠውን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ደወል ሽቦ ስትነቅል ከጣራው በላይ አንዲት ሴት ተጣራች። ሳታስበው «አቤት!» ብላ መለሰች። ቀጥሎ የራሷ ድምፅ መሆኑ ገባት። ቀጥሎ ደግሞ ምን እንደሚል ሰማችና መንቀያው ከእጇ ወደቀ።

«አሥራ ሦስት! ውረድ ከዚያ! መስኮት ሁለት!»

ደረጃውን እየዘለለች ስትወጣ፣ የታወቀው የእህል ነጋዴ የመስኮቱ ደፍ ላይ ከተቀመጠበት ዘሎ ወርዶ ሱሪውን ያራግፋል። «አሥራ ዘጠኝ… ቀስ ይበሉ እማዬ፣ ደረጃ አለ» ሲል ደግሞ አንድ ጺማም የጭነት መኪና ሾፌር ተነሥቶ፣ ሜዳ በሆነው ወለል ላይ እግሩን እያነሣ እየጣለ ደረጃውን ይፈልጋል። «ሃያ አምስት! መሰላሉንስ?» ሲባል ሃያ አምስት ቁጥር የያዘው አስተማሪ «ኧረ እኔ መሰላል አልወሰድኩም!» ብሎ በአደባባይ ማለ። «ሃያ ሰባት! መነጽርህን እንዳትረሳ!» ሲል መነጽር አድርጎ የማያውቀው ሁሉ ኪሱን ዳበሰ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የተጠራ ሁሉ ተነሥቷል።

ኃላፊው ቆሌው ተገፎ ከቢሮው ወጣ። ስልኩ ከየከተማው ያለማቋረጥ ይጮሃል፤ በክልሉ ሁሉ ሰው መነጽሩን እየፈለገ ነው። በመጨረሻ የክልሉ የበላይ ኃላፊ ራሳቸው ደወሉ። ኃላፊው ቆሞ፣ ኮቱን ቆልፎ ነው ያነጋገራቸው። መሐንዲሷና እትዬ ደወል በሩ ላይ ቆመው የእሱን ብቻ ይሰማሉ።

«አዎ ክቡርነትዎ… የለም፣ ሆን ተብሎ አይደለም… አዎ፣ ሰባት ቁጥርማ… እርስዎም?… አዎ፣ ሴት ናት… አለች፣ በሕይወት አለች።»

ስልኩን ሲዘጋ ላቡን ጠረገ። መንግሥት መንግሥት ነውና ተጨማሪው ንግግር ዛሬውኑ ተቆርጦ ይውጣ ተብሏል። ድምፁ ግን አይነካ። በየትኛውም ከተማ ዛሬ ጠዋት ተራ ያለፈው ሰው የለም። እንዲያውም በስልክ ለሚሰጠው አገልግሎት፣ ለነጋዴው «ፈቃድዎ ታድሷል»፣ ለሾፌሩ «ጭነት አለ» የሚለውን ሁሉ በዚሁ ድምፅ ቀድታችሁ በዚህ ሳምንት ላኩ ብለዋል።

«እንኳን ደስ አለዎት እትዬ» አላት። «ከነገ ጀምሮ እዚያው ምድር ቤት ይቀዳሉ።»

እትዬ ደወል በጣም ተደሰተች። ወዲያው ደግሞ ሳል ያዛት።

«ምነው? ምን ሆኑ?»

«አቧራው ነው አለቃዬ። ያ ወረቀት ጉሮሮዬን ዘጋው። እዚያ ውዬ እዚያ ከቀዳሁ እንኳን ለክልሉ ለራሴም የሚሆን ድምፅ አይኖረኝ።» ደግማ ሳለች፤ ከልቧ ነው የምትስለው። «መቅዳቱንስ ብቅ ብዬ እቀዳለሁ። ውሎዬ ላይ ቢሆን ግን፣ አዳራሹ፣ ያ አየር ያለበት…»

«መዋቅሩ እኮ…» ብሎ ጀመረ።

የአሁኑ ሳል ከቀድሞዎቹ ሁሉ የባሰ ነበር። መሐንዲሷ ሳቋን ለመደበቅ ጣራውን መመርመር ያዘች። ኃላፊው አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ሴትየዋን አየ። ሲገባው ቶሎ ነው የሚገባው።

«እንግዲያው በጊዜያዊነት» አለ። እዚያ መሥሪያ ቤት ጊዜያዊ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የግቢው የቆርቆሮ አጥር ራሱ ኃላፊው ከመቀጠሩ በፊት በጊዜያዊነት የታጠረ ነው።

ወንበሯን ራሷ ተሸክማ ወጣች። ቁጥር የሚቆርጠው ማሽን አጠገብ አስቀመጠችው። የመጀመሪያው ቀን ግን ግር አላት። ልትጠራ አፏን ስትከፍት ድምጿ ከላይ ይቀድማታል። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ሥራ የፈታች መስሏት ተነሥታ አንዲት አሮጊት አጠገብ ተቀመጠች። «ምን ሊያስጨርሱ ነው የመጡት እናቴ?» አለቻቸው። አሮጊቷ ስለ ቤታቸው ካርታ ጀምረው ስለ ልጃቸው ነገሯት፤ ከልጃቸው ወደ ምራታቸው ተሻገሩ። እትዬ ደወል አንድ ነገር ልብ አለች። ያን ሁሉ ዘመን ከደረጃው አናት ሆና ሰውን ስትጠራ፣ አንድም ቀን ከአንዱም ጎን ቁጭ ብላ አታውቅም ነበር። ባለወፍጮውን ዱቄቱን አራግፍ ትለዋለች እንጂ፣ ወፍጮው የአባቱ መሆኑን፣ ሊሸጠው አስቦ እንቅልፍ እንዳጣ ነግሯት አያውቅም። አሁን መጥራቱን ያቺ ላይኛዋ ትሥራው። እሷ የትኛው የማሽኑ ቁልፍ ለመታወቂያ፣ የትኛው ለፈቃድ እንደሆነ እያሳየች፣ የደነገጠውን እያረጋጋች፣ ከወንበር ወንበር ትዘዋወራለች። ደስታዋ ልክ አጣ። ማታም ቤት ስትገባ ወሬው ከበፊቱ እጥፍ ሆነ። ሰዓት ሠሪው እራቱ ይበርድበት ጀመር፤ ሰውነቱም መለስ አለለት።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁን በሥራ ቀን ዘግቶ የማያውቀው ሰው ዘግቶ መጣ። ከማሽኑ ቁጥር ቆረጠ፣ ዙሪያውን አየና መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አንተ ሰውዬ! ምን ልታስጨርስ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ቁጥር ምን ያደርግልሃል?»

«ያለ ቁጥር የሚያስቀምጡኝ አልመሰለኝም» አለ። «የማታው ወሬ እስኪደርስ መጠበቅ አቃተኝ» ብሎ ጨመረ።

 እትዬ ደወል ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋችና ስለ ባለወፍጮው ጀመረችለት። ወፍጮውን የመሸጡን ሐሳብ እንደተወ፣ ከሦስት ከተማ በስልክ ዱቄት ያዘዙት እንደበዙ፣ ሚስቱ ደግሞ በዚህ ነገር ምን እንዳለች እየነገረችው ሳለ፣ ከአናታቸው በላይ «ስልሳ አራት፣ መስኮት ሁለት» ተባለ። ሰዓት ሠሪው እጁ ላይ ያለውን ቁጥር አየ። ደግሞ ተጠራ። በክርኑ ነካ አደረጋት።

«እየጠራሽኝ ነው እኮ» አላት።

እሷ ቀና ብላም አላየች።

«ተዋት ትጥራ፣ ልማዷ ነው» አለችና ወሬዋን ቀጠለች።